ወለላ መድን ለመሸጥ ያልበቃችበት ምክንያት

ለክቡር አቶ ዮራም
የመድንና የቁጠባ ወኪል ድርጅት የሀደራ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ሀደራ፣ እስራኤል፣ ከፋሲካ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. 1995

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደኅንነት፣ የቢሮዎን ሠራተኞች ሰላም በትሕትና እጠይቃለሁ። የሠራተኞችዎን አያቶች ጤናም በተለየ ሁኔታ እጠይቃለሁ፤ የዚህን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል።

ደብዳቤዬን በአማርኛ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። በሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ «አማርኛ የሚያውቅ ይመረጣል» ስለሚል፣ በቅርንጫፍዎ አማርኛ የሚያነብ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። ከጠፋም የምታነብልዎትን ሰው የመቅጠር ዕድል በእጅዎ ነበረ፤ የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ለጋዜጣም በምሰጠው በዚህ ደብዳቤ የድርጅትዎን ስም ያልጠራሁት ደግሞ በነጻ ማስታወቂያ መሥራት በእርስዎ ሙያ የተነወረ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ባለጉዳይዋ ወለላ ትባላለች፤ በናሕሊኤል ሰፈር የጎረቤቴ የወይዘሮ ስንቄ የበኩር ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው። ወደዚህ አገር የገባችው በልጅነቷ በሱዳን በኩል ነው፤ ዕብራይስጧ ከእኔ ቀርቶ እዚሁ ከተወለዱት ከብዙዎቹ የጠራ ነው። የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ፣ ማስታወቂያዎ «ጀማሪ የፋይናንስ አማካሪ፤ ልምድ አያስፈልግም፤ ሰው የሚወድ ይሁን» ሲል አየችና ይህስ የኔ ነው ብላ መጣች። ሰው መውደዷን በሰፈራችን የሚጠራጠር የለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። ልጆቻችን ሬአዮን በሚሉት የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ «ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ብለዋት፣ እሷም የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደምትኖርና ምን እንደተማረች ነገረችዎት። «ይህ ስለ ቤተሰብሽ ነው፤ አንቺ ከሌሎቹ በምን ትበልጫለሽ?» አሏት። እሷም መሬት መሬት እያየች፣ እሱን የሚያውቁኝ ሰዎች ቢናገሩት ይሻላል ብላ መለሰች። በእኛ ቤት ልጅ በታላቅ ፊት ራሷን ስታመሰግን ከተሰማች እናቷ በዓይኗ ነው የምትቀጣት፤ ወይዘሮ ስንቄ ይህን ለማስተማር ሃያ ዓመት ደክመዋል። እርስዎ በሩብ ሰዓት ውስጥ ልታፈርሰው ይገባ እንደነበር ስላስረዷት እናመሰግናለን። በየማለዳው መስተዋት ፊት ቆማ «እኔ አሸናፊ ነኝ» እንድትል የሰጧትንም ምክር ሳትንቅ ሞክራዋለች። ታናናሾቿ በበሩ ቀዳዳ ሰምተዋት ኖሮ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ቁርስ ላይ «አሸናፊዬ፣ እስቲ ዳቦውን አቀብይኝ» ይሏታል።

ሁለተኛ። በሁለተኛው ቀጠሮ እርስዎ ለፈተና ሲባል ደንበኛ፣ የአርባ ዓመት ሰውና የስድስት ልጆች አባት ሆነው ተቀመጡ፤ ወለላ ደግሞ የሕይወት መድን እንድትሸጥልዎት ታዘዘች። እሷም እንደ ደንቡ ጤናዎን ጠየቀች፣ ልጆቹንም ጠየቀች፤ ይህ ጊዜ ማባከን ተባለ። ከዚያም ወደ ዋናው ነገር ስትገባ «መቶ ዓመት ይኑሩና፣ ከእርስዎ ይራቅና፣ ምናልባት ክፉ ነገር ቢመጣ...» ብላ ጀመረች። እርስዎም «ከእኔ ከራቀ ታዲያ ለምን እገዛለሁ?» አሏት። በጥያቄው ውስጥ ብልህነት እንዳለ አልክድም። ነገር ግን በናሕሊኤል አንድ እንግዳ የቤቱን አባወራ ፊት ለፊት «አንተ ስትሞት» ብሎ ከጀመረ፣ ፊርማው ይቅርና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የሚሰማው አያገኝም። ደንበኛ ሊፈልጉበት ያሰቡት ሰፈር ይኸው ናሕሊኤል መሆኑን ለልጅቷ ራስዎ ነግረዋታል። እንግዲህ ልጅቷ ሥራውን በትክክል ሠርታ ስሕተት የተባለች የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ሳትሆን አትቀርም፤ ያውም ገና ሳትቀጠር።

ሦስተኛ። ከዚያ «እንዴት እንደሚሸጥ ተመልከቺ» ብለው የቅርንጫፉ ኮከብ ያሉትን ወጣት ጋይን ጠሩት። ጋይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ከዚያም ስላሳደጉት አያቱ ስለ ወይዘሮ ሌአ ተረከ፦ ባለፈው ክረምት በድንገት አረፉ፤ መድን አልነበራቸውም፤ ቤተሰቡ ለመቃብር ድንጋዩ እንኳ ተበደረ፤ እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር በሌላ ቤተሰብ ላይ እንዳይደርስ ማለ። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። እርስዎ ጥሩ ዘፈን እንደሚሰማ ሰው ራስዎን ይነቀንቁ ነበር። ወለላ ግን ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ለጋይ ሰጠችው፤ እንባው ወደ እሷም ተጋባባትና እያለቀሰች «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው፤ ከሐዘንተኞቹ ጋር ቤት ማን እንዳለም ጠየቀችው። በዚህ ጊዜ እርስዎ የደንበኛ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ አለመጠራቷን በቁጣ አስታወሷት።

ቀጥለውም «አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ ከቤታችሁ የሞተ ሰው የለም? እኔን የሚያስለቅስ አንድ ታሪክ ንገሪኝ» አሏት።

ወለላ ዝም አለች። ጥቂት ጠበቋት፤ ሰዓትዎን አዩ፤ ከዚያም ያለ ክፋት፣ ገና ልጅ መሆኗንና የሕይወት ልምድ እንደሚጎድላት ነገሯት። ይደወልልሻል ብለውም አሰናበቷት።

አቶ ዮራም፣ የወለላ አባት ሱዳን ውስጥ ቀርተዋል። ከዚህ በላይ አልጽፍም። በዚያ መንገድ እኔም ስለነበርኩ ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ግን ብጽፈው እስከ እሑድ ድረስ ጋይ በቃሉ ያጠናዋል። ለምን እንዳልተናገረች ወለላን ጠይቄያት ነበር። «እዚያ አንዴ ከተናገርኩት በየቤቱ መናገር አለብኝ፤ አሥረኛው ቤት ስደርስ አባቴ የኔ አባት አይሆንም» አለችኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰውን ቃል በመጻፍና በማረም ነው፤ በዚህ ላይ ግን የማርመው አላገኘሁም።

አራተኛ። ይህኛው የእኛ ጥፋት ስለሆነ እንደ ይቅርታ ይቀበሉኝ። ወለላ ቤት ገብታ፣ በዚያ ቢሮ አያቱ የሞቱበት አንድ ልጅ አለ ብላ ለእናቷ ነገረች። ወይዘሮ ስንቄ «ነገ አብረሽው ልትሠሪ ትችያለሽ፤ ለቅሶ ሳንደርስ በምን ዓይንሽ ታይዋለሽ?» አሉና ስንዴና ሽምብራ ቀላቅለው ንፍሮ ቀቀሉ። ከጎረቤት ኮኮቤንና እምዬን አስከተሉ፤ እኔም ዕብራይስጥ ተናጋሪ ያስፈልጋል ተብዬ ተጨመርኩ። ሀደራ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ የጋይን ቤት ጠይቀን ጠይቀን ጊቫት ኦልጋ በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ አጠገብ አገኘነው። ሴቶቹ እንደ ወጉ ገና ከደረጃው ጀምሮ ያለቅሱ ነበር።

በሩን የከፈቱልን ፀጉራቸውን በቢጎዲን የጠቀለሉ አሮጊት ናቸው። ወይዘሮ ስንቄ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው ተንሰቀሰቁ። አሮጊቷ ደግ ሰው ስለሆኑ ማን ነሽ ሳይሉ ጀርባቸውን እየደባበሱ «ማን ሞቶብሽ ነው የኔ ቆንጆ?» አሏቸው። እኔ ተረጎምኩ። ወይዘሮ ስንቄ ቀና ብለው «የእናንተዋ ሌአ ናቸዋ!» አሉ። አሁንም ተረጎምኩ።

«ሌአ እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ።

ኮኮቤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣ በትክክል መተርጎሜን በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ከሁላችን አብልጣ ታለቅስ የነበረችው እምዬ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ለቅሶውን ወደ እልልታ ለወጠችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በር ከፍቶ ወጣ። ወይዘሮ ሌአ አስገቡን፤ አስቀመጡን፤ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። መቼ እንደሞቱ ጠየቁኝ። ባለፈው ክረምት አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «በክረምቱስ ጉንፋን ብቻ ነበር የያዘኝ» አሉ። ከዚያ ንፍሮውን ቀምሰው ጨው አንሶታል አሉ። «ለሞተ ሰው ምላሳቸው ደኅና ነው» አለች እምዬ፤ ይህንንም እንድተረጉም አስገደደችኝ፤ ወይዘሮ ሌአም ሳቅ እንባ እስኪያመጣባቸው ሳቁ። በዚህ መካከል ጋይ ከሥራ ገባ። በበሩ ሆኖ እኛን አየ፣ አያቱን አየ፣ ንፍሮውን አየ። አንዳችንም አልተቆጣነውም። ወይዘሮ ስንቄ እንዲያውም ተነሥተው እንኳን ደስ ያለህ ብለው ሳሙት፤ በዚያን ሰዓት የልጁ ፊት ምን እንደመሰለ በጽሑፍ ለመግለጽ አልደፍርም።

አምስተኛ። በማግስቱ፣ አስተርጓሚው እኔ መሆኔን ከጋይ ሰምተው፣ ለእኔ ደወሉልኝ። በሠራተኛዎ የግል ሕይወት መግባታችንን፣ የአያትየው ታሪክ የሽያጭ ሥልት ብቻ መሆኑንና በሙያው ያሉ ሁሉ የሚጠቀሙበት መሆኑን፣ ወለላም ሥራን ከኑሮ መለየት ስለማትችል ቦታው ለእሷ የተዘጋ መሆኑን ገለጹልኝ። እስከዚህ ድረስ መብትዎ ነው፤ ቢሮው የእርስዎ ነው፤ ወንበሩም እንዲሁ።

ነገር ግን ጉዳዩ በዚያ አልቆመም። ወለላ በዚያው በሀደራ ዋና ጎዳና ላይ ካሉ ሁለት ሌሎች የመድን ቢሮዎች ቀጠሮ ይዛ ነበር። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰረዙባት። የአንደኛው ባለቤት እውነቱን ለመናገር አላፈሩም፦ «ዮራም ደውሎልኝ ነበር፤ ችግር ታመጣለች፣ ሕዝብ ይዛ ቤት ለቤት ትሄዳለች አለኝ» አሏት። ሌላ ጊዜ ደንበኛ ለማግኘት ይህን ያህል ፈጥነው እንደሚደውሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ከሀደራ ምዕራብ ጣቢያ ባቡር እየተሳፈረች ቴል አቪቭ ድረስ ሞከረች፤ እዚያም የመጀመሪያው ጥያቄ ለምን በራስሽ ከተማ አልተቀጠርሽም የሚል ሆነ። አሁን በጋን ሽሙኤል የጭማቂ ፋብሪካ ጣሳ ትደረድራለች። ሥራው የተከበረ ነው፤ በፋብሪካው ላይ ምንም ቅሬታ የለንም። ሲቀጥሯት ማለዳ መነሣት ትችል እንደሆነ ብቻ ጠየቋት፤ የመለሰችውንም አመኗት። ግን የተማረችው ጣሳ መደርደር አልነበረም፤ እናቷም ማታ ማታ እጇን በቅባት ያሹላታል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሥራውን ትተንልዎታል። ስሟን ግን ይመልሱልን። በዚያው ስልክ፣ ለእነዚያው ሰዎች ይደውሉና እውነቱን ይንገሯቸው፦ ይህች ልጅ አልዋሸችም፣ አልሰረቀችም፣ ደንበኛ አላታለለችም። ሞተዋል ላሏት ሰው አለቀሰች፤ በእውነት ስለሞቱባት ሰው ዝም አለች። ጥፋቷ ይኸው ነው። ይህን ለመናገር የሚፈጅብዎት ጊዜ ጋይ አያቱን ለመቅበር ከሚፈጅበት ያነሰ ነው፤ ጥሪውም የከተማ ውስጥ ስለሆነ ድርጅቱን አይጎዳም።

ከዚህ ቀደም የሰጡንን ትምህርት ሁሉ፣ በተለይም የሰው እንባ ከመፈረሚያው እስክሪብቶ ጋር በአንድ መሳቢያ እንደሚቀመጥ ስላሳዩን፣ ሰፈሩ በሙሉ ያመሰግንዎታል።

በቢሮዎ ደጅ ሳልፍ ባርኔጣዬን አንሥቼ ሰላምታ መስጠቴን የማላቋርጥ፣ ቅርንጫፍዎ በሕይወት ባሉ ደንበኞችና በሕይወት ባሉ ዘመዶች ብዛት እንዲያድግ ከልቤ የምመኝ፣ መልስዎንም በዕብራይስጥ ቢሆን እንኳ በደስታ የምቀበል፣

አክባሪዎ
ዳኘው
ናሕሊኤል፣ ሀደራ

ተጨማሪ፦ ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ከመታተሙ በፊት፣ ስማቸው ስላለበት፣ ለወይዘሮ ሌአ በዕብራይስጥ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸውና ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። ፈቅደዋል፤ ግን የሚከተለውን እንድጨምርላቸው አዘዙኝ። ለልጅ ልጃቸው እንጀራ ሲሉ አንድ ጊዜ ቢሞቱ አይከፋቸውም፤ የከፋቸው፣ የመድን ሻጭ አያት ሆነው ሳለ በየቤቱ ያለ መድን መገደላቸው ነው። እስከ ዛሬ ከድርጅትዎ አንድ ሰው መጥቶ ይግዙ ያላቸው የለም። አሁን ሊገዙ አስበዋል። ሻጭ ሲልኩላቸው ወለላን እንዲልኩ ይጠይቃሉ፤ ለሌላ ሰው በራቸውን አይከፍቱም።