«ትንቢት ድናለች» ያልኩ ቀን

ልጄ ዘነበች፣ በሰው አገር ያቆመሽ ጌታ ሰላሙን ያብዛልሽ። ዲላ ዝናቡ አላባራም። የቡሌዋ አክስትሽ ቆጮ ልካልን ለሁለት ሰው በዝቶ ከረመ።

ስለ ልጅሽ ስለ ትንቢት እውነቱን ልንገርሽ። ስኳር ተገኝቶባት የኢንሱሊን መርፌ በጀመረች በወሩ የመርፌው መጠን እየቀነሰ ሄዶ ኢምንት ሲሆን፣ እኔ ሞኟ እሑድ አቅፌያት መድረክ ወጣሁና «ትንቢት ድናለች» ብዬ መሰከርኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ነርሱ ታረቀኝ ይህን ሰምቶ፣ «እማማ፣ ቆሽቷ ለጥቂት ወራት ብርታት አግኝቶ ነው እንጂ አልዳነችም፤ መርፌውን እንዳያቋርጡ» አለኝ። አላቋረጥኩም፤ አለመዳኗን ለሰው ለመናገር ግን አፈርኩ።

ይኸው በአምስተኛው ወር ስኳሯ ከፍ አለ፣ መርፌውም ጨመረ። ያኔ እልል ያሉት «እምነትሽ ቢጎድል ነው» አሉኝ፤ እግራቸውም ከደጃችን ቀረ። ፍሪጅ ስለሌለን መድኃኒቱን በረጠበ ሸክላ ውስጥ አኑሬ፣ ሁለታችን ብቻችንን እንውላለን። «አያቴ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ትለኛለች።

መጪው እሑድ እዚያው መድረክ እወጣለሁ። «አልዳነችም፣ በመርፌ ትኖራለች፣ ጌታ ይመስገን» እላለሁ። እልል የሚል አልጠብቅም።

ጌታ እጁን ከራስሽ ላይ አያንሳ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትደውዪ «ዳንሽ ወይ?» አትበያት። «ዛሬ መርፌሽን ተወጋሽ?» በያት።

እናትሽ