ውሃው ይቅደም

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ሚጣዬ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ብርድ ሲመጣ ያስቸግራታል ወይስ ተሻላት? አክስታችን አሁንም የሁላችሁን ጤና ትታ የድመቷን ነው የምትከታተለው? ትንሹ ወንድማችንስ ትምህርቱን አጥብቆ ይዟል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ የምደረድረው ግን ዋናውን ጥያቄ ፈርቼው ነው። እጅሽ እንዴት ነው?

ሁሉንም ሰምቻለሁ። ባለፈው እሁድ ጎረቤታችን ሹፌሩ የላክሽልኝን ሳሙና በጨርቅ እንደጠቀለልሽው አመጣልኝ። እኔም "የእህቴ ሥራ ነው" እያልኩ አብረውኝ ለሚኖሩት ሁሉ እያዞርኩ ሳስነካ፣ እሱ ሻዩን እየጠጣ "በግራ እጇ ብቻ አማስላ መጨረሷ ይገርማል" አለ። ቀኟ ምን ሆኖ ነው አልኩት። የማውቅ መስሎት ነበርና ደነገጠ። ከዚያ አንድ በአንድ እየጎተትኩ አወጣሁት። ውሃውን ኮስቲክ ሶዳው ላይ ስታፈሺው ፈልቶ እንደተፈናጠረ፣ ከአንጓሽ እስከ ጣቶችሽ እንዳቃጠለሽ፣ ሁለቱ ጣቶችሽም እስካሁን አልታጠፍ እንዳሉሽ ነገረኝ።

ያን ጊዜ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር የጻፍሽልኝን አንብቤ ደወልኩና "ይሄን ዶሮ ናት የጫረችው?" ብዬ ሳቅሁብሽ። አንቺም አብረሽኝ ሳቅሽ። "ቸኩዬ ነው ጋሼ" አልሽኝ። ለካ በግራ እጅሽ ነበር የጻፍሽው። ደብዳቤውን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ደግሜ አየሁት፤ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ደቂቃ እንደፈጀብሽ ሳስብ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

የመከርኩሽ እኔ ነኝ። "ኮስቲኩንና ውሃውን ደባልቂ፣ ዘይቱን ጨምሪበት፣ እስኪወፍር አማስዪ" አልኩሽ። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም አልነገርኩሽም፤ አላውቅም ነበርና። እኔ የምሠራው የሳሙና ፋብሪካው መቁረጫ ክፍል ነው። ሳሙናው እኔ ዘንድ የሚደርሰው ጠንክሮ፣ ረጅም ሆኖ፣ በጋሪ ተጭኖ ነው። መቀመሚያውን የማየው በመስታወት በር በኩል ነው፤ እሱንም ሁሉ ነገር ከተበጠበጠ በኋላ። አንቺ ግን "የሳሙናው ኢንጂነር" ስትዪኝ ጣፈጠኝ። አላውቅም ማለት ሞት ሆነብኝ።

የሎሚው ደግሞ ይብሳል። "አሲድና ቤዝ ይጠፋፋሉ፣ ኮስቲክ ከነካሽ ሎሚ ያበርድልሻል" ብዬ የተራቀቅሁብሽም እኔው ነኝ። አንቺም አምነሽኝ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ከጎንሽ ቆሞ፣ በሚቃጠል እጅሽ ሎሚ ፍለጋ ሮጥሽ። ያ ጀሪካን ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ሥራ ላይም ሆኜ ይመጣብኛል።

ሰኞ ጠዋት ቀማሚያችን ዘንድ ሄድኩ። "ቀስ በሉ" ነው የምንላቸው፤ ላገኙት ሰው ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ስለሆነ። የሆነውን ስነግራቸው ጓንታቸውን አወለቁና "ሳታውቅ ለምን ተናገርክ?" አሉኝ። ደህና አድርገው ከተቆጡኝ በኋላ ግን የምሳ ሰዓታቸውን ለእኔ ሰጡ። ጓንትና መነጽር አስደርገው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስያዙኝ። ከነጩ የኮስቲክ ፍርፋሪ አንድ ማንኪያ ያህል ትንሽ በትንሽ እየጨመሩ አማሰሉት። እሳት የለ፣ ምድጃ የለ፣ ብርጭቆው እጄ ላይ ጋለ። መያዝ አቅቶኝ አስቀመጥኩት። ውሃውን ኮስቲኩ ላይ ብናፈሰውስ ምን ይሆናል፣ እሱንም ያሳዩኝ አልኳቸው። "እሱን አላሳይህም፤ እህትህ አይታዋለች" አሉኝ።

ሰሞኑን ስልክሽን ሁለቴ ያላነሳሁት ለዚህ ነው። ሌላ ኮስቲክ ገዝተሽ "ስንት ልጨምር?" ልትዪኝ እንደሆነ ሹፌሩ ነግሮኛል። ስልክ ላይ አፌ ይቀድመኛል። ይህ ግን ወረቀት ነው፤ ከመላኬ በፊት ቀስ በሉ አንብበውታል፣ ሁለት ቦታ ላይም ሰርዘውብኛል።

ትምህርት ቤት "ኬሚካዊ አጸግብሮት" የሚለውን ስንሸመድድ ሁለታችንም ከምላሳችን አላለፈም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ነገሮች ይገናኙና ሁለቱንም የማይመስል ሌላ ነገር ይሆናሉ። የሚያቃጥለው ኮስቲክና የሚያቆሽሸው ዘይት ተገናኝተው የሚያጸዳ ሳሙና ይወጣቸዋል። ከዚያ ወዲያ ዘይቴን መልስ ብትዪው አይመልስም። ኮስቲክ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሙቀት ያወጣል። ውሃው ብዙ ሆኖ ኮስቲኩ በጥቂት በጥቂቱ ሲገባ ሙቀቱ ይበታተናል። ውሃው ከላይ ሲፈስ ግን መጀመሪያ የነካው ትንሹ ውሃ እዚያው ይፈላና ኮስቲኩን ይዞ ወደ ሰው ይዘላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ውሃው ይቅደም። ሰውነትሽን ከነካሽም ውሃ ብቻ፣ ብዙ ውሃ፣ ለረጅም ጊዜ። አሲድና ቤዝ መጠፋፋታቸው እውነት ነው፤ ሲጠፋፉ ግን እነሱም ሙቀት ያወጣሉ፤ ቆዳ ላይ ደግሞ ማን ይለካቸዋል።

ልኩም ነገር አለ። በልክ ከተገናኙ ኮስቲኩ ያልቃል። ከበዛ ግን ዘይት ያልደረሰው ሳሙናው ውስጥ አድፍጦ ይቀመጣል። የላክሽልኝም እንዲያ ነው፤ ታጥቤበት እጄ ቀላ፣ ሲያሳክከኝ አደረ። "በግምት አድርጊው" ያልኩሽ እኔ ነኝና ደስ አለኝ ልበልሽ? ትንሽ ደስ ብሎኛል። አንቺ ግን ለልብስም ቢሆን አትንኪው፣ ለሰውም አትስጪ። የእማዬን የአሉሚኒየም ድስት ደግሞ አደራ፤ ኮስቲክ ይበላዋል፣ እሷ ደግሞ አንቺን።

አዲስ የገዛሽውን ኮስቲክ ከድነሽ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው። የዘይትሽን ዓይነት ጻፊልኝ፤ ልኩ እንደ ዘይቱ ይለያያልና ቀስ በሉ አስልተው ይሰጡኛል። እኔ ከእንግዲህ አልገምትም። ጓንትና መነጽር ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሐኪም ቤትም ተመለሺ፤ ጣቶችሽን ይዩልሽ፣ "ይለቀዋል" ብለሽ አትቀመጪ።

አክስታችንን ከነድመቷ ሰላም በይልኝ። ትንሹን ወንድማችንን ውሃ የመቅዳቱን ሥራ ለእሱ እንደተውኩለት ንገሪልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሹፌሩ እንዳለኝ እጅሽ ከተቃጠለ ጀምሮ "ችኩል፣ የሰው ምክር የማትሰማ" እያለች ስትወቅስሽ ከርማለች፤ አንቺም የእኔን ስም አላነሳሽም። ምክር ሰምተሽ ነው የተቃጠልሽው። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ምንም አትዝለዪ።

መልሱን ለማንም አታስጽፊ። ቀኝሽ ከታጠፈልሽ በቀኝሽ፣ እምቢ ካለሽም በግራሽ ጻፊልኝ። እጅሽ እንዴት እንደሆነ ከፊደሉ አውቃለሁ። አልስቅም።

ኢንጂነር ያልሆነው ወንድምሽ
ከመቁረጫው ክፍል ጀርባ ካለው መኝታ ቤት
ቅዳሜ፣ ኅዳር ፯ ቀን