የአራስ ቅቤ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 1፡30
የቡላው ገንፎ እሳት ላይ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። ልጄ ምሕረት ከወለደች ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ። እሷም ሕፃኑም ተኝተዋል፣ ተመስገን። ወንድሜ ታገሰ ትናንት ከሰዓት ቅቤ አመጣ። በኮባ የተጠቀለለ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል። ከጊምቢቹ ገበያ ነው አለ። የቅቤ ነጋዴ ወንድም ያላት ሴት ምን ይጎድላታል! ጓዳ መደርደሪያው ላይ ነው፤ አሁን ገንፎው ሲወጣ ከዳሩ ቆርሼ አቀልጥላታለሁ።
ውሻዬ ቦቢ ለምን ዝም አለ? በዚህ ሰዓት በሩን ይቧጥጥ ነበር። ልየው።

ያው ቀን፣ 4፡00
ቦቢ እየሞተብኝ ነው። ጓዳ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። ቅቤውን አውርዶ፣ ኮባውን ቦጫጭቆ፣ ግማሹን በልቶታል። ልነሳ ሲል እግሩ ይከዳዋል። ለሃጩ ይዝረበረባል። አንዴ ይንቀጠቀጣል፣ አንዴ ጭልጥ ብሎ ይተኛል። ስጠራው ጆሮው እንኳ አይንቀሳቀስም። ወተት ጋትኩት፤ ጓሮ ወስጄው አስታወከ።
ያቺ ጎረቤቴ ወ/ሮ አስቴር ናት! ዓመት ሙሉ ውሻሽ አላስተኛኝም ስትለኝ ኖራ፣ ይኸው መርዝ ጣለችበት። በአጥር ላይ ሆኜ ያልወረወርኩባት ስድብ የለም። አለቀሰች። ታልቅስ።

9፡00
የእንስሳት ሐኪሙ በባጃጅ መጣ። ለውሻ ጠራሽኝ ብሎ አልሳቀብኝም። የውሻ መርዝ ሰውነት ያገትራል እንጂ እንዲህ አያስተኛም አለ። ትውከቱን በእንጨት ሲነካካ ካፕሱል ወጣ፤ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ። የቀረውን ቅቤ በቢላ ሰነጠቀው። መሃሉ ላይ የተቀደደ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ትራማዶል ሙሉ። ዳር ዳር ያሉት ረጥበው ዱቄታቸው ከቅቤው ጋር ተለውሷል። ሕመም ማስታገሻ ነው እንጂ ስሙ፣ እንደ ሱስ ዕፅ በድብቅ እየተሸጠ የማስተምርበት ት/ቤት ድረስ ገብቶብናል። ዴስክ ላይ ተኝተው የሚቀሩ ተማሪዎቼን ሰነፎች ስል የነበርኩት እኔ ጅሏ ነኝ። ሐኪሙ ማርከሻው እጄ ላይ የለም አለ። ግሉኮስ ሰክቶለት ሄደ።
ይህን ነበር ምሕረትን የማበላት። ሕፃኑም ከጡቷ የሚጠባው ይህን ነበር። በገዛ እጄ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። 3፡00
ቦቢ ሞተ። ሰባት ዓመት እስከ ት/ቤት በር ሸኝቶኝ ተመልሷል።
ታገሰ መጣ። አራሷ እንዴት አደረች የለ፣ ሕፃኑስ የለ። ቅቤውስ፣ ነካችሁት እንዴ? አለ። ሁለት ጥቅል ይዞ ኖሯል፤ አንድ ዓይነት ኮባ፣ አንድ ዓይነት አስተሳሰር። የእኛን ለራሱ አስቀርቶ የራሱን ለእኛ ሰጠ። ዛሬ ፈትቶ ሲያየው ነው የደነገጠ። ውሻው በልቶት ጓሮ አስታውኮ ሞተ፣ የተረፈውን ሽንት ቤት ጨመርኩት ስለው ወደ ጓሮ ወጣ። ሊቀብርልኝ መስሎኝ ተከተልኩት። ትውከቱን በአመድ አልብሼው ነበር። ተቀምጦ አመዱን ይጠርጋል፣ ያልተሰነጠቁትን ካፕሱሎች ይለቅማል፣ በጆግ ውሃ ያጥባል፣ በመሐረቡ ያደርቃል። ከውሻዬ ሆድ የወጣውን! ሊሸጠው!
ቱ! አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ይህ ነው?

10፡00
እንዴት ነው የምታሳልፈው ብዬው ነበር። ሳያፍር ነገረኝ። ኬላ ላይ የአራስ ቅቤ ነው፣ የእህቴ ልጅ ወልዳ ነው ይላል። በአራስ ቅቤ ቢላ የሚሰድ ፈታሽ የለም። እንኳን ማርያም ማረቻት ብለው መርቀው ይሸኙታል። ከመቼ ጀምሮ? ከአምናው መስቀል ጀምሮ። አምና መስቀል ምሕረት ባል እንኳ አላገባችም ነበር! ልጄን ስንት ጊዜ አራስ አድርጓታል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 11፡00
ወ/ሮ አስቴር እግር ላይ ልወድቅ ሄድኩ። አትወድቂም ብላ ያዘችኝ። ቦቢን የቀበረው ባሏ ነው። እፍረት ገደለኝ።
ለምሕረት አልነገርኳትም። ገንፎውን በዘይት ሠርቼ ስሰጣት ቅቤውስ? አለች። ውሻው በላው አልኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። 10፡30
ታገሰ ከቤ/ክ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ማልቀስስ ያውቅበታል። ንስሐ ገብቷል አሉኝ። የነገውን ጭነት ብቻ ያድርስ፣ የሰው አደራ ስለሆነ፣ ከዚያ ይተወዋል አሉኝ። የነገውን ብቻ! አንደኛው ደግሞ ለውሻ ብለሽ ወንድምሽን አታሳስሪ፣ ሰው አልሞተም አለ። ሊሞቱ የነበሩት እናትና ልጅ መኝታ ቤት ተኝተዋል አልኩ።
ታገሰ ሌላ ጥቅል አወጣ። ንጹሑ ይኸው እታለም፣ ለአራሷ አለኝ። እነሱ እያዩ በቢላ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት። ምንም የለበትም፤ ቅቤ ብቻ። ቢሆንም ሽንት ቤት ጨመርኩት። ሲጸልዩ አሜን አላልኩም።
ነገ ጠዋት እሱ የሚሳፈርበት አውቶቡስ ሳይነሳ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ መመለስ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። 3፡30
ሄድኩ። ፖሊሱ ውሻ ስል ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አራስና ጨቅላ ሊያልቁ ነበር ብዬ ጮህኩበት። አነሳው። ስምሽ ከነአባትሽ አለ። ነገርኩት፣ ጻፈ። የተጠርጣሪው ስም ከነአባቱ አለ። ነገርኩት። የአባታችንን ስም እዚያው ወረቀት ላይ ሁለተኛ ሲጽፈው አየሁት። ቀና ብሎ ዝምድና አላችሁ? አለኝ።
አዎ አልኩና ፈረምኩ።