የታሸገ በር፣ የተከፈተ ጣሪያ

ለተከበሩ የደጋው ቅርሶች ጥበቃና ማስተዋወቂያ ማስተባበሪያ ኃላፊ
ሮቤ

ጉዳዩ፦ ስለ ተደረገልን ጥበቃ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጤናዎ መሥሪያ ቤትዎ በሼህ ቡሽራ በር ላይ እንዳሳረፈው ማኅተም የጸና፣ እንቅልፍዎ መዝገብ ቤታችሁ ውስጥ እንደ ተኙት ማመልከቻዎቻችን ማንም የማይቀሰቅሰው፣ ጣሪያዎም ከእኛ ጣሪያ የተለየ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ብቻ ከሳኔቲ በኩል ደመና ብቅ ባለ ቁጥር መቀመጥ ያቅተኛል። ይህችንም ደብዳቤ የጻፍኋት እየተነሣሁ እየተቀመጥሁ፣ በየመሐሉም ደጅ ወጥቼ ሰማዩን እያየሁ ስለ ሆነ፣ ሐሳቧ ተዘበራርቆ ቢያገኙት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሠርከአዲስ ዘሪሁን እባላለሁ። የጎባ ሰው ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርሁና «ከሰላምታ ጋር» የሚለውን ቃል ከራሴ ስም ይልቅ አብዝቼ ጽፌዋለሁ። ስለዚሁ ጉዳይ ሦስት ማመልከቻዎችን በሥራ ቋንቋችሁ በኦሮምኛ ጽፌ ለመሥሪያ ቤትዎ አስገብቼ ነበር። አንዱም መልስ ስላላገኘ ይህችን በአማርኛ ጽፌ ለሕዝብ ማውጣቴ፣ ለእርስዎ ያልተጻፈች መስላዎት ምናልባት ያነቧት እንደ ሆነ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ሲባል ከሥሩ ልጀምር። ከአጥሬ ባሻገር ሼህ ቡሽራ የሚባሉ አዛውንት ይኖራሉ፤ በግቢያቸውም ከአያት ከቅድመ አያት የወረዱ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት የሚቀመጡባት አንዲት የጭቃ ቤት አለች። ቁርኣን አለ፤ የሸሪዓ መጻሕፍት አሉ፤ ስለ ከዋክብትና ስለ መድኃኒት የተጻፈ አለ፤ በዐረብ ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ መንዙማም አለ። ዓመቱ ደርሶ ክረምቱ ሲያልፍና ገብስ መታጨድ ሲጀምር እነዚህ መጻሕፍት ፀሐይ ሊመታቸው ይገባል፤ አለዚያ እርጥበቱ ይበላቸዋል። የሼሁ ግቢ በትልልቅ ጥዶች የተከበበ ስለ ሆነ ፀሐይ አይደፍረውም፤ የእኔ ግን ተዳፋት ላይ ነውና ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ከአማቴ ዘመን ጀምሮ በሁለታችን አጥር መሐል ሆን ተብሎ የማይደፈን ቀዳዳ አለ፤ መጻሕፍቱ በዚያ ተሻግረው ግቢዬ ውስጥ ሰሌን ላይ ይዘረጋሉ። ቁርኣኑን ሼሁ ራሳቸው ተሸክመው ያመጣሉ፣ ራሳቸው ይመልሳሉ፤ የቀረውን በንጹሕ እጅ እየተቀበልሁ የምዘረጋ እኔ ነኝ። ያን ቀን ዶሮዎቼ ይዘጋባቸዋል፣ ውሻዬ ይታሰራል፣ ነፋስ ቅጠሉን እንዳይገነጥለውም ከቶጎና ወንዝ ለቅሜ አጥቤ ያስቀመጥኋቸው ለስላሳ ድንጋዮች በየገጹ ላይ ያርፋሉ።

ባለፈው ኅዳርም ያደረግነው ይህንኑ ነበር። አንድ መንገደኛ በአጥሩ ላይ አሻግሮ በስልኩ ፎቶ አነሣና «የሙስሊሙ ቅርስ በክርስቲያን ግቢ ተጥሎ ተገኘ» ብሎ ለቀቀው። መሥሪያ ቤትዎም ወዲያው ደረሰልን፤ መጻሕፍቱን ከፀሐይ ላይ አንሥቶ፣ ቤት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ማኅተም ለጠፈበት። ይኸው መጋቢት ገባ፣ ማኅተሙም እንዳለ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ/ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። የሠፈራችን የውኃ ቧንቧ ሲፈነዳ ሳምንታት የጠበቅናት የመንግሥት መኪና፣ መጽሐፍ ፀሐይ መሞቁ በተሰማ ጊዜ ግን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አጥራችን ሥር ቆማ አየናት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ የእናንተ ሰዎች ግን ሳያፈስሱ ለቀሙ፤ ገና ያልደረቀውን ከደረቀው ጋር አነባብረው፣ የእንጨት ክምር አስመስለው፣ ከነእርጥበቱ ዘጉበት። ሼህ ቡሽራ «እባካችሁ፣ ጥቂት ይድረቅ» ብለው ቢለምኑ የሰማቸው አልነበረም።

2ኛ/ ስለ ጥያቄያችሁ አመሰግናለሁ። «እነዚህ መጻሕፍት ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ምን ይሠራሉ?» ተብለን ነበር የተጠየቅነው። ሼህ ቡሽራ ጠያቂውን ትክ ብለው አይተው «ፀሐይ ይሞቃሉ» አሉ፤ እኔም ሳልፈልግ ሣቅሁ፣ ሣቄም «ለሥራ አለመተባበር» ተብሎ ተያዘብኝ። ሣቁ ግን የአፍ ነበር። በዚህ ግቢ ተድሬ ገብቼ፣ ባሌን ከዚህ ግቢ ቀብሬ፣ የእርሳቸው ሰዎች ድንኳን ተክለው አስተዛዝነውኝ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አንድም የጎባ ሰው አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ እናንተ ሁለት ባለቤት በአንድ አጥር ንቃችኋል። አንጀቴ አሮብኛል፤ ይህንን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ ስላጣሁ እንዲሁ ጻፍሁት።

3ኛ/ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። የወንዝ ድንጋዮቼ ሳይቀሩ «ጥንታዊ ቁሳቁስ» ተብለው በክብር ታሽገዋል። ፊሮምሳ የተባለው ወጣት ባለሙያችሁ አንዱን አንሥቶ እያገላበጠ ሲያየው «ልጄ፣ ከቶጎና የለቀምሁት እኮ ነው» ስለው፣ አፍሮ አንገቱን ደፋና «አዴ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ግን የተገኘውን ሁሉ አንሡ ተብለናል» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ሲሄድ ዞሮ «ነጋቲ»፣ ደኅና ይሁኑ፣ ብሎኝ ነው የሄደው። እኔም ድንጋይ በማጠብ ብቻ ለሀገር ቅርስ ማበርከቴን ያወቅሁት በዚያን ዕለት ስለ ሆነ፣ የምስክር ወረቀት ካለ ይላክልኝ።

4ኛ/ ስለ ጣሪያው። በጥር የተነሣው ነፋስ ከመጻሕፍቱ ቤት ላይ ሁለት ቆርቆሮ ገለጠ። ሼህ ቡሽራ በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል አስጠግተው ሚስማርና መዶሻ ይዘው ሲወጡ፣ ያቆማችሁት ዘበኛ የታሸገ ንብረት መንካት በሕግ እንደሚያስጠይቅ፣ ጣሪያም የንብረቱ አካል እንደ ሆነ በትሕትና አስረድቶ አወረዳቸው። ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል ተባልን። ኮሚቴው አልመጣም፤ ከሰሞኑ ግን የመጀመሪያው ካፊያ መጣ። ያን ጊዜ ሼሁ ጆሯቸውን ከግድግዳው ላይ ለጥፈው ቆመው አገኘኋቸው። «ሠርኬ፣ ስሚው፤ የሚንጠባጠበው በመንዙማው መደርደሪያ በኩል ነው» አሉኝ። እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ነው መቀመጥ ያቃተኝ።

5ኛ/ ይቅርታ፣ አምስተኛውን ልጽፍ ስል ሰማዩ ጠቆረብኝና ወጣሁ፤ ስመለስ ጠፋብኝ። ወደሚቀጥለው ልለፍ።

6ኛ/ ስለ መጻሕፍቱ የወደፊት ዕጣ ስላሰባችሁ አመሰግናለሁ። አስፋልቱ ዳር የተከላችሁትን ታፔላ በየቀኑ አየዋለሁ፤ «ዘመናዊ የጽሑፍ ቅርስ ማዕከል በዚህ ሥፍራ ይገነባል» ይላል። ሥዕሉ ላይ የመስታወት ፎቅ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ መኪና ማቆሚያ አለ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማኪያቶ የሚጠጡ ሰዎችም አሉ። መነጽሬን አድርጌ መጽሐፍ ብፈልግበት ግን አንድም አላገኘሁም። ደግሞ የታፔላው ቆርቆሮ እንዴት ያለ ጠንካራ ነው! ተነቅሎ ቢወርድ የመጻሕፍቱን ጣሪያ ከድኖ ለዘበኛውም መጠለያ ይተርፈው ነበር። ክቡርነትዎ የሚያስቡለት የወደፊት ዕጣ እኮ በግቢዬ ውስጥ ተጀምሮ ነበር፤ ሮቤ ባለው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የሼሁ የልጅ ልጅ ኦብሴ፣ ፀሐይ ላይ የተዘረጋውን እያንዳንዱን ገጽ በካሜራ እያነሣች አያቷ የሚነግሯትን እየጻፈች ነበር። የእናንተ ሰዎች ሲደርሱ ገጹን ከፊቷ አነሡት፤ ሥራውም እዚያው ገጽ ላይ ቆመ።

7ኛ/ በመጨረሻም እንግዳ ስለ መቀበላችሁ። በየካቲት ሩቂያ የሚባሉ አንዲት አሮጊት ከጊኒር በአውቶቡስ መጡ። አያታቸው በወጣትነታቸው እዚህ ተቀምጠው፣ ከሼህ ቡሽራ አያት ዘንድ እየተማሩ፣ አንድ የመንዙማ መጽሐፍ በእጃቸው ገልብጠው ነበርና፣ ሩቂያ ከመሞታቸው በፊት የአያታቸውን እጅ ጽሑፍ ማየት ፈልገው ነው። ከአያታቸው የቀረላቸው ሌላ ነገር የለም፤ ፎቶ የለም፣ መቃብራቸውም አይታወቅም። ዘበኛው ማኅተሙን አሳያቸው። አልተቆጡም፤ መዳፋቸውን በበሩ ላይ አሳርፈው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ጥቂት ቆዩና ተመለሱ። ቅርስ እንዲህ ተጠብቆ ሲታይ ያኮራል።

እንግዲህ፣ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ውለታ በኋላ ልመና መጨመር ድፍረት ቢሆንም፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሩን ክፈቱልንና ሼሁ ጣሪያቸውን ይምቱ፤ ዝናቡ ሳይጠና በሚገኘው ፀሐይ መጻሕፍቱን እናውጣ። ካልታመንን ዘበኛው ይቁም፣ ፖሊስም ይምጣ፣ ኮሚቴውም ይቀመጥ፤ ወንበር ከቤቴ አወጣለሁ። ማዕከሉ ሲሠራ ደግሞ ወደዚያ ይሂዱ አይሂዱ የሚለውን ከሼህ ቡሽራ ጋር ትነጋገራላችሁ፤ መጻሕፍቱ የእርሳቸው ናቸውና። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ታፔላውን እያየን ስንሥቅ በልጉ ገብቶ ከታሸገው ቤት የምታወጡት ጭቃ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። እፈራለሁ የሚለውን ቃል ለማሳመሪያ የጻፍሁት አይደለም፤ በእውነት እፈራለሁ።

ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ፣ ለሹመትዎም የማያፈስስ ጣሪያ ይስጥዎ እያልሁ፣ በአንድ ዓይኔ ደብዳቤውን በሌላው ሰማዩን እያየሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የጥንታዊ ድንጋዮች አበርካች
ሠርከአዲስ ዘሪሁን
ጎባ

ግልባጭ፦
ለሼህ ቡሽራ፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል
ለበልግ ዝናብ፣ አውቆ ጥቂት እንዲታገሠን

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጊኒሯ ሩቂያ ተመለሱ ማለቴ እውነት ነው፤ በቀጥታ ግን አልተመለሱም። በአጥሩ ቀዳዳ ይዣቸው ወደ ቤቴ ገባሁ። ያን የኅዳር ቀን አንዱ መጽሐፍ ከሁሉም ይልቅ ርሶ ስለ ነበር ነፋሱ ሳይጎዳው ብዬ ማድቤት አስገብቼ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጌ፣ በገብስ ጆንያ ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፌ አስቀምጬው ነበር። ሰዎችዎ ከግቢው ሲሰበስቡ «ቆዩ፣ አንድ ይቀራል!» ብዬ ከማድቤቱ በር ላይ ብጮኽ፣ «ማዘር፣ ሥራ አያደናቅፉ» ተባልሁ፤ ሥራ ማደናቀፍ ምን እንደሚያስቀጣ በስንት ክስ ላይ ስለ ጻፍሁት ዝም አልሁ። ድንጋዬን ወስዳችሁ መጽሐፉን ተዋችሁልኝ። የሩቂያ አያት የገለበጡት መንዙማ እርሱ ነው። ሼህ ቡሽራ መጨረሻው ገጽ ላይ የተጻፈውን የአያታቸውን ስም አሳዩአቸው፤ ሩቂያ በጣታቸው ሳይነኩት ከላይ ከላይ ተከተሉት፤ ከዚያ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስሁ።

መጽሐፉ ቤቴ እንዳለ በሦስቱም ማመልከቻዎች መጨረሻ ላይ ገልጫለሁ፤ አለማንበባችሁን ያወቅሁት ሊወስደው የመጣ ሰው ባለመኖሩ ነው። አሁንም ደኅና ነው፤ ደርቋል። ፀሐይ በወጣ ጠዋት ሼሁ በቀዳዳው ተሻግረው ግቢዬ ውስጥ ያነቡታል። ነፋሱ ግን በርትቶብናል፤ እርሳቸው ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ሲይዙ ገጹን የምገልጥላቸው እኔ ሆኜ፣ በእኛ ልማድ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብሁ ስለ ኖርሁ፣ ዘወትር ያነበቡትን ገጽ መልሼ እገልጥባቸዋለሁ። እርሳቸውም ሳይቆጡ ያንኑ ገጽ ደግመው ያነቡታል። በሩን እስክትከፍቱልን ድረስ ቢያንስ ድንጋዮቼን ላኩልን።