ከመስመሩ በታች ያለችው ሃምሳ ሜትር

ጎንደር፣ ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ዓለምነው፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን በፎቶግራፍ ልከህልኛል። ከረባትህ አምሮብሃል፤ ከኋላህ ያለው ጥቁር ሰሌዳም ንጹሕ ነው። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ጊዜ፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ፣ በሽተኛ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ የሌላ ሰው ካርድ ሳወጣለት አብራኝ የምትሠራው ሽታዬ አይታ «ምነው፣ ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ። ማንም አልሞተብኝም፣ ተናድጄ ነው አልኳት።

«ያለፈው አልፏል፤ እግዜር ይመስገን ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሷል» ብለሃል። መምህር ዳኛው ከእስር መፈታታቸውን ሰምተህ ደስ ብሎሃል። አንተም አዲስ አበባ ኮሌጅ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስ ታስተምራለህ። በመጨረሻው መስመር ደግሞ «ለመምህር ሰላምታዬን አድርሽልኝ» ይላል። አቤት ድፍረት!

እስቲ ወደ ቦታው ተመለሰ ያልከውን አብረን እናስላው። እኔ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ወዲህ ግራፍ ሠርቼ አላውቅም፤ ስሳሳት አንተ ታርመኛለህ።

ጥር 1970 ነበር። ክፍሉ በሙሉ የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ አልገባው ሲል መምህር መጽሐፉን ዘጉና «ይህን በጠመኔ ብቻ አትረዱትም፤ ሂዱ አውቶቡስ ተሳፈሩ» አሉን። ሁለት ሁለት አድርገው መደቡን፤ አንተ ለእኔ ደረስከኝ። ደስታዬን ደብቄህ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ከአራዳ ወደ አዘዞ ስንሄድ፣ ከሹፌሩ ከአያ የሻው ጀርባ ተቀምጠን፣ አንተ የፍጥነት መቁጠሪያውን እያየህ ትጮሃለህ፣ እኔ በአባቴ ሰዓት እያየሁ በየአምስት ሴኮንዱ እጽፋለሁ። «ሠላሳ ስድስት! ሠላሳ ስድስት! ሠላሳ!» ተሳፋሪው ይስቃል። አያ የሻው «እናንት ልጆች፣ ልትከሱኝ ነው ልታስተምሩኝ?» ሲሉህ ጊዜ ማብራራት ጀመርክ። ዲስፕሌስመንት ማለት ከተነሡበት እስከ ደረሱበት ያለው ቀጥታ ልዩነት ነው፤ ሄደው ሄደው ከተነሡበት ከተመለሱ ዜሮ ይሆናል አልካቸው።

«ቀኑን ሙሉ ጎንደር አዘዞ ስመላለስ ውዬ፣ ማታ ቤቴ ስገባ ዜሮ ነህ ልትለኝ? ተው እንጂ! የጎማዬስ ማለቅ?»

«እሱ ርቀት ነው፣ አያ የሻው። ርቀቱ አይጠፋም፤ ለብቻው ይደመራል።»

አየህ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ያን ቀን እንዴት እንደወደድኩህ ዛሬ ብነግርህ ምን ይጎዳኛል?

አዘዞ ልንደርስ ስንል፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ኬላው አስቆመን። ወታደሩ ምን እንዳስቆጣው እንጃ፣ «ወደኋላ ተመለስ!» አለ፤ አያ የሻው የኋላ ማርሽ አስገቡ። የዚያ አውቶቡስ መቁጠሪያ ወደኋላ ሲሄዱበት አይንቀሳቀስም። ሴኮንዱን ይዣለሁ፤ ሃያ አምስት ነው። ስንት ሜትር እንደተመለስን ግን አላወቅንም። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። አንተ «ውረጂና በእርምጃ ለኪው፣ ግራፉ ጎዶሎ ይሆናል» አልከኝ። ወረድኩ። ጠመንጃ የያዘ ሰው እያየኝ፣ ከኬላው ገመድ እስከ አውቶቡሱ፣ ረጅም ረጅም እየተራመድኩ፣ ድምፄን አውጥቼ ቆጠርኩ። ሃምሳ። በዚያ ዓመት ኬላ በእርምጃ የሚለካ ጅል ከእኛ ሌላ በከተማው አልነበረም።

ግራፉን አንተ ሠራኸው፤ ለዚያች ቀጥ ላለችው መንገድ ብቻ። በሴኮንድ አሥር ሜትር፣ ለሠላሳ ሴኮንድ፣ ሦስት መቶ ሜትር። ፍጥነቱ እየቀነሰ እስኪቆም አሥር ሴኮንድ፣ ሃምሳ ሜትር። ከዚያ መስመሩ ዜሮው ላይ ተጋደመ። ከዚያ ከዜሮው በታች ወረደ፤ በሴኮንድ ሁለት ሜትር፣ ሃያ አምስት ሴኮንድ። ከታች ያለችው ሃምሳ ሜትር ለዲስፕሌስመንት ትቀነሳለች፣ ለርቀት ትደመራለች፤ አንዱ ሦስት መቶ፣ ሌላው አራት መቶ። ማንም ሳይነግርህ የገባህ አንተ ብቻ ነበርክ። መምህር ደብተሩን ሊያርሙት ቤታቸው ይዘውት ሄዱ።

በሳምንቱ አሰሳ ሆነ፤ የመምህርም ቤት ተፈተሸ። ሰዓት፣ ፍጥነት፣ «ኬላ»፣ «50 ሜትር» የሚል ደብተር ተገኘባቸው። ሽፋኑ ላይ የሁለታችንም ስም ተጽፎ ነበር፤ ሲያገኙት ግን ሽፋን አልነበረውም። መምህር መቼ እንደቀደዱት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ክፍሉን በሙሉ ሰበሰቡን። መምህር «ለተማሪዎቼ የሰጠሁት የትምህርት ሥራ ነው» ብለው ነበር። ኃላፊው ግራፉን ከፍ አድርጎ ያዘና «ይኼ ከመስመሩ በታች የወረደው ምንድን ነው? ኬላችን አጠገብ ማን ነው የወረደ?» አለ። «ምነው ዝም አላችሁ? ጎበዙ ተማሪ ማን ነው?» ሲል ሁሉም ዞሮ አንተን አየ።

«ይኼን ተምራችኋል?»

«አላውቅም ጓድ። ይኼን አልተማርነም።»

መምህር አዩህ። ከጎንህ ስለነበርኩ ዓይናቸውን እኔም አየሁት። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው «ልጁ እውነቱን ነው። አላስተማርኋቸውም፤ ደብተሩ የኔ ነው» አሉ። በዚያው ወሰዷቸው።

ፈርተህ ነበር። እኔም ፈርቼ አፌን አልከፈትኩም፤ ይህን ከራሴ ላይ አላነሣውም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ነበርን፤ ፍርሃትህን ይቅር ብየዋለሁ፣ እመነኝ። ይቅር ያላልኩት ደብዳቤህን ነው። አልተማርነም ባልክበት አፍ ያንኑ ግራፍ እያስተማርክ ደመወዝ ትበላለህ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሷል ትለኛለህ!

ልክ ነህ፣ መምህር ዳኛው ከተወሰዱበት ቤት ተመልሰው ገብተዋል። ዜሮ። ግን ሲሄዱ እናታቸው ነበሩ፤ ሲመለሱ የሉም። ሲሄዱ ጠመኔ የሚይዝ እጅ ነበራቸው፤ አሁን ሁለቱ ጣቶቻቸው አይታጠፉም። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ እህል መጋዘን ውስጥ ኩንታል ሲመዝኑ ይውላሉ። አምስት ዓመት ከሰባት ወር ነው፣ ዓለምነው! የጎማውን ማለቅ የት ደመርከው?

ባለፈው እሑድ ሄጄ ፊዚክስ እንደምታስተምር ነገርኳቸው። እንዲናደዱልኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «ሸጋ! ያ ልጅ ከመስመሩ በታች ያለው ማንም ሳያስረዳው የገባው እኮ ነው» አሉ። ወጥቼ አጥሩ ሥር አለቀስኩ። አንተን ቢረግሙህ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ስማኝ። መምህር ወደ ማስተማር ለመመለስ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አመልክተዋል። ፋይላቸው ላይ ግን «ደብተሩ የትምህርት እንዳልሆነ ተማሪው መስክሯል፤ ራሱም አምኗል» የሚል ተጽፏል። ጉዳዩ ሐሙስ ኅዳር 28 ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይታያል። ከክፍላችን ሁለት ምስክር ካልቀረበ ፋይሉ ይዘጋል፣ እሳቸውም ሰሌዳ ፊት ሁለተኛ አይቆሙም። አንዷ ምስክር እኔ ነኝ። ለሁለተኛው ያልዞርኩበት ቤት የለም። በላቸው ሞቷል፣ ውቢት ሱዳን ገብታለች፣ የቀሩት «አናስታውስም» ይላሉ። ቢያስታውሱስ? ፋይሉ ላይ ያለው ያንተ ቃል ነው፤ ካንተ ሌላ የሚያነሣው ሰው የለም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ያመጡልህ አያ የሻው ናቸው፤ አሁን የአዲስ አበባን መስመር ነው የሚነዱት። ሰኞ ኅዳር 25 ንጋት ላይ ወደ ጎንደር ይነሣሉ። ከጀርባቸው ያለውን፣ መቁጠሪያው የሚታይበትን ወንበር ለማንም እንደማይሰጡ ምለውልኛል። ካልመጣህ ባዶውን ይዘውት ይመጣሉ። ማክሰኞ ከሰዓት መናኸሪያ ቆሜ አየዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ አትጻፍልኝ።

ሰላምታህን ለመምህር አላደረስኩም። መጥተህ ራስህ በላቸው።

ከጎንህ የነበረችው
እጅጋየሁ