ከሀ ጀምሪ ያልኩሽ ጊዜ

ውድ ልጄ ነፃነት፣

ይህን የምታነብልሽ ልጅሽ ራሔል ናት። ራሔልዬ፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላት፤ የኔን ጥፋት የሚናገረውንም ቢሆን።

ሸዋ በር አጠገብ፣ ጎልማሳ ሴቶችን ማንበብ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ተቆጣጣሪው ዮናስ ዐሥር ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ከስምንት ሴት ያነሰ ካገኘ ክፍሉን ለሌላ ሥራ ይሰጠዋል። እስካሁን ማንም አልመጣም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ማክሰኞ፣ ኤረር በር ማንጎ የምትሸጠው ዘይነባ ቀ ላይ ተሳሳተች። “ከሀ ጀምሪ” አልኳት። ሦስት ጊዜ መለስኳት። አንዷ ሳቀች። ዘይነባ ደብተሯን ዘግታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ቀሩ።

ስትወጣ በእሷ ውስጥ አንቺን አየሁ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ። በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ በራሴ የተማርኩትን ፊደል በአንድ ክረምት ልጋትሽ ብዬ፣ በተሳሳትሽ ቁጥር ከሀ አስጀምርሽ ነበር፤ ያውም የጎረቤት ልጆች ፊት። “ድንጋይ ራስ” አልኩሽ። የፊደል ገበታውን የአጥሩ ድንጋይ መሃል ሸሽገሽው አገኘሁትና መታሁሽ። መስከረም ላይ የትምህርት ቤቱ በር ጋ እግሬን ይዘሽ አለቀስሽ። አባትሽ ተያት አለኝ፤ ተውኩሽ፤ ፊደል ሳታውቂ አደግሽ። ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም።

ትናንት ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። ምን ማንበብ እንደምትፈልግ ጠየቅኳት፤ እስከዛሬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ማንጎዋን መደርደሯን ቀጠለች። ቆይታ ስልኳን አወጣች።

“ወላሂ እትዬ ፀሐይ፣ ሲጠራ ልጄ ትሁን አማቴ አላውቅም። ‘የኔ ማር’ ብዬ አነሳለሁ፤ አማቴ ናት።”

ሳቅን። ነገ ከልጅሽ ስም እንጀምራለን፣ ሀ ትቆይ አልኳት። አየዋለሁ አለች እንጂ እመጣለሁ አላለችም።

ደጅ ላይ ኮቴ ሰማሁ። ቆይኝ።

አሁን ሄደዋል። ዘይነባ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። ሦስት ብቻ። ዮናስ በሩ ላይ ቆሞ ቆጠረና ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ የኛ እንዳልሆነ ነገረኝ። አልተከራከርኩትም፤ ዘይነባ በጣቷ የልጇን ስም ስልኩ ላይ እየፈለገች ነበርና ልረብሻት አልፈለግኩም። አገኘችው። ሰኞ በረንዳዬ ላይ እንቀጥላለን።

ነፃነት፣ ይቅር በይኝ። ከፊርማዬ በታች በትልቁ የጻፍኩት የራስሽ ስም ነው። ከሱ በፊት ምንም መማር የለብሽም። ወረቀቱን አጥር ውስጥ ብትሸሽጊውም ፈልጌ አላወጣውም።

እናትሽ ፀሐይ

ነፃነት