ለታቦቱ የሰጠኸው ወርቅ

የኔ ዓለም፣ አዳነ፤ ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እኔ አለሁ፣ መኖር ካሉት። መካነ ብርሃንን ለቅቄ ጎንደር ገብቻለሁ። አራዳ ከአንድ ሱቅ ጓሮ ክፍል ተከራይቼ የሰው ልብስ አጥባለሁ። ልጅህ ትርንጎ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ሳቋ ያንተ ነው።

ወንዙ ዳር ካለችው ማሳችን፣ ጎርፍ ከሸረሸረው ጥግ ያችን ወርቅ ያገኘህ ለታ ለሰው አትንገር ብዬህ ነበር። አንተ ግን ትርንጎ ስትታመም ለጊዮርጊስ ተስለህ ነበርና ስለት አይቀርም አልክ። በንግሡ ዕለት ቄሱ ስምህንና ወርቁን ሲያውጁ ሕዝቡ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ ምላሴን በቆረጠው! ከየት እንዳገኘኸው ሲጠይቁህ ታቦት ፊት አልዋሽም ብለህ ቦታውን ተናገርክ። ወይ የዋህነትህ!

በሳምንቱ አካፋ የያዘ ሁሉ ማሳችንን ወረረው። ደላላው ተከተለ፣ ከደላላው ኋላ ደግሞ የታጠቀው መጣ። ስንት ዘመን ጎን ለጎን ስታርሱ ክፉ ቃል ያልተነጋገራችሁ፣ አንተና ታላቅ ወንድምህ አያ ምናሉ፣ ድንበሩ በዚህ ነው በዚያ ነው ብላችሁ ተያያዛችሁ። ለአንተ አንዱ ደላላ፣ ለእሱ ሌላው ደላላ በጆሯችሁ ነገር ይነዛ ነበር። የተኮሰብህ ወንድምህ ነው፤ ጠመንጃውን የሰጡት ግን እነሱ ናቸው።

አሁን ማሳው ታጥሯል። ፈቃድ አለን የሚሉ ሰዎች በማሽን ይቆፍራሉ። ወርቁ በመኪና ይወጣል፤ ለአገሩ ሰው የቀረው ጉድጓድና ከብት የማይጠጣው ድፍርስ ውኃ ነው። እንሠራላችኋለን ያሉት ጤና ጣቢያ እስካሁን የለም። ድሮም ድሆች ነበርን፤ ግን እሸቱን በመዳፍህ አሽተህ ታጎርሰኝ ነበር። ወንድምህም አልተጠቀመም፤ በገዛ ማሳው ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ አፈር ይሸከማል።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ። ደሙ ይድረቅ፣ ልጆቻችሁ እንዳይገዳደሉ ታረቂ አሉኝ። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር ወደቀ። ሸጋ ነው፣ ምነው ታዲያ ድንጋዩን እሱ ብቻ ተሸከመው፣ ያጋደሏችሁስ የት አሉ ብዬ ጮኽኩ።

ድንጋዩን አወረድኩለት። ስለ ትርንጎ ብዬ ነው፤ የአጎቷን ልጆች እየፈራች እንድትኖር አልፈልግም። ረስቼዋለሁ ብለሽ ማይ ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ። ልጅህ ደም እንዳትመልስ አሳድጋታለሁ፤ ማን እንዳስገደለህ ግን አፈር እስኪጫነኝ ድረስ እነግራታለሁ።